ከቦርደር ኮሊ ጋር መኖር፦ ሥራ መስጠት፣ ዕረፍት ማስተማር

ልጅ ሆኜ መንዝ ውስጥ በግ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። በእኛ አገር እረኛው ልጁ ነው፤ ውሻው ዘበኛ ነው። ማታ ጅብ ሲመጣ ይጮሃል፣ ቀን ጥላ ፈልጎ ይተኛል። በጉ ወደ ሰው ማሳ ሲያዘነብል «መልስ!» ተብሎ የሚጮህበት ልጁ ነው። ሮጦ የሚመልሰውም ልጁ ነው።

ውሻ በግ ሲመልስ ያየሁት አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ከመጣሁ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ከሜዳው ዳር ቆመው ያፏጫሉ። ውሻው ሰፊ ክብ ሠርቶ ይሮጥና ከበጎቹ ጀርባ ይደርሳል። ከዚያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ከበጎቹ ሳይነቅል፣ እንደ ድመት እያደባ ይጠጋል። በጎቹ ተሰብስበው ወደ ሽማግሌው ይመጣሉ። አልጮኸም። አልነከሰም። በዓይኑ ነው የነዳቸው። እኔ በልጅነቴ ቀኑን ሙሉ ስሮጥበት የነበረውን ሥራ ዓይኔ እያየ በጥቂት ደቂቃ ጨረሰው። እንባዬ መጣ።

አሁን እንዲህ ካለ ውሻ ጋር መኖር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዘሩ ቦርደር ኮሊ ነው። ስሙ ቡሬ። ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበትን በሬ ቡሬ እንለው የለ? ከዚያ ነው የወሰድኩት።

ይህን የምጽፈው በየጊዜው ስለሚደወልልኝ ነው። «ውሻችን አበደብን» ይሉኛል። ሶፋውን ቀደደ፣ ልጆቹን ቁርጭምጭሚታቸውን ነከሰ፣ መኪና ያሳድዳል፣ ሌሊት አይተኛም። አብዛኛውን ጊዜ ሄጄ ሳየው ውሻው አላበደም። ሥራ ፈቷል። ወይም ደግሞ፣ ይህኛውን ሰው ልብ አይለውም፣ ማረፍን ማንም አላስተማረውም።

ምን ዓይነት ውሻ እንደሆነ

ቦርደር ኮሊ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ውሻ ነው። «ቦርደር» የተባለውም በዚያው ድንበር ነው። የዛሬዎቹ ውሾች ዘር ሲቆጠር ኦልድ ሄምፕ ወደሚባል አንድ ውሻ ይደርሳል። ሄምፕ እ.ኤ.አ. በ1893 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ተወለደ። ያራባው አዳም ቴልፈር የሚባል ገበሬ ነው። ሄምፕ የታወቀው በዝምታው ነው። በጉን በጩኸትና በንክሻ ሳያስበረግግ በእይታው ይነዳ ነበር። ገበሬዎቹ ይህን ወደዱት፤ ከሱ ማራባት ያዙ። ለመልኩ ብለው አልነበረም። ለሥራው ነው።

አሠራሩን መረዳት ብዙ ነገር ያቀልላችኋል። አዳኝ እንስሳ መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። ገበሬዎቹ በትውልድ ብዛት ማየቱን፣ ማድባቱንና ማባረሩን አጎሉት፤ መግደሉን አጠፉት፤ ንክሻውን ግን ሙሉ በሙሉ አላጠፉትም። ስለዚህ ውሻችሁ ብስክሌት ሲያልፍ መሬት ላይ ለጥ ብሎ ቢያፈጥ ጥጋብ አይደለም። ክፋትም አይደለም። ለሱ ያ ብስክሌት ከመንጋው የወጣ በግ ነው።

ከመውሰዳችሁ በፊት

መጀመሪያ ቀናችሁን ቁጠሩ። ሁለት ሥራ የምትሠሩ ከሆነ፣ ቤቱ በቀን ለ12 ሰዓት ባዶ የሚውል ከሆነ፣ ይህን ውሻ አትውሰዱ። እኛ ስደት ላይ ያለን ሰዎች እንዴት እንደምንሠራ አውቃለሁ። ፍቅር ስለሌላችሁ አይደለም፤ ጊዜ ስለሌላችሁ ነው። ለናንተ የሚሆን ረጋ ያለ ሌላ ውሻ ሞልቷል።

በቀን በድምሩ ሁለት ሰዓት ያህል ለሱ ብቻ መስጠት ከቻላችሁ ይሆናል። ሁለቱ ሰዓት የግድ ሩጫ አይደለም፤ ከታች እመጣበታለሁ። ትልቅ ጓሮም ግዴታ አይደለም። እኔ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት አፓርታማ ውስጥ ነው የኖርኩት። ጓሮ ውስጥ ብቻውን የተለቀቀ ቦርደር ኮሊ አጥሩን እየተከተለ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ያ ዕረፍትም ጨዋታም አይሆነውም።

ቡችላ ነው ወይስ ያደገ? ለመጀመሪያ ጊዜ ውሻ ለሚይዝ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት የሞላውን ከመጠለያ መውሰድ የተሻለ ይመስለኛል። ጠባዩ ታውቋል፤ የምትወስዱትን አይታችሁ ነው። ቡችላ ከገዛችሁ ግን አርቢውን ስለ እናትና አባቱ ጠይቁ። የዳሌ መገጣጠሚያቸው በራጅ ታይቷል? ኮሊ ዓይን ለሚባለው የዘር የዓይን ችግር ምርመራ ተደርጎላቸዋል? ሲጠየቅ የሚቆጣ አርቢ ከሆነ ትታችሁት ሂዱ። ወላጆቹ በጎች ጋ የሚሠሩ ከሆኑ ልጃቸውም ኃይሉ ከፍ ያለ እንደሚሆን ጠብቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት

ዘመድ አዝማድ ጠርታችሁ አታሳዩት። ቤቱን ይልመድ። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት አለበት። ያደገው ደግሞ 12 ወይም 14 ሰዓት ያህል። ቦርደር ኮሊ ግን ደክሞትም አይተኛም። የሆነ ነገር እስካለ ድረስ ዓይኑን አይጨፍንም። እንቅልፍ ያጣ ቡችላ ደግሞ እንደ ሰከረ ሰው ይሆናል፦ ይነክሳል፣ ይሮጣል፣ ምንም አይሰማም። ብዙ ሰው «ኃይል በዝቶበታል» ብሎ ይበልጥ ያስሮጠዋል። የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው።

ለዚህ ኬጅ፣ ማለትም በር ያለው የውሻ ማደሪያ ሳጥን፣ ጥሩ ነው። የቅጣት ቦታ ግን አታድርጉት። በሩን ክፍት አድርጋችሁ ምግቡን እዚያ ስጡት፤ ወዶ ይግባ። አንድ ሰዓት ከነቃ በኋላ አስገቡት፣ በጨርቅ ሸፍኑለት፣ ተዉት። ሽንቱን ደግሞ ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ ወዲያው አውጡት። ውጭ ሲሸና አመስግኑት። ቤት ውስጥ ቢሸና ጠርጉት፣ አበቃ። አፍንጫውን እዚያው ላይ ማሸት የሚባለው ልማድ መደበቅን እንጂ ሌላ አያስተምረውም።

የቡችላ አእምሮ ለአዲስ ነገር ክፍት የሚሆነው በግምት እስከ 14ኛው ሳምንቱ ነው። በዚያ ጊዜ ዣንጥላ፣ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ጺማም ሰው፣ የቡና ሙቀጫ ድምፅ፣ የአሳንሰር በር፣ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ አሳዩት። ክትባቱ እስኪያልቅ ሌሎች ውሾች የሚበዙበት መናፈሻ አታውርዱት፤ አቅፋችሁት ግን ዙሩ።

ቃል ስትመርጡለት

ውሻ የሚሰማው ትርጉሙን ሳይሆን ድምፁን ነው። እኔ መጀመሪያ «ና» እና «ተኛ» ብዬ ጀመርኩ። ለሦስት ሳምንት ያህል «ተኛ» ስለው እየመጣ እግሬ ሥር ይቆማል። እልኸኛ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ቃሉን ጮክ ብዬ ለራሴ ስደጋግመው ገባኝ። ሁለቱም «ኣ» ብለው ነው የሚያልቁት፤ ከሩቅ ሲሰማ ልዩነቱ ትንሽ ነው። «ተኛ»ን ትቼ «ዝቅ» አልኩት። በሁለት ቀን ያዘው።

ስለዚህ አጭር፣ እርስ በርሱ የማይመሳሰል ቃል ምረጡ። የእኛ ቤት ዝርዝር ይህ ነው፦ ና፣ ዝቅ፣ ቆይ፣ ተው፣ ቦታህ፣ በቃ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። ልጆቹ በእንግሊዝኛ፣ እናት በአማርኛ፣ አባት በፉጨት የሚያዙት ውሻ ማንንም አይሰማም። ሁሉም ሰው አንድ ቃል ይጠቀም።

ትክክል የሠራበትን ቅጽበት የሚነግረው አንድ ቃልም ያስፈልጋል። እኛ «ጎበዝ» እንላለን። ልክ ሲሠራ «ጎበዝ!» ከዚያ ጉርሻ። ቃሉ መጀመሪያ፣ ጉርሻው ቀጥሎ። ጉርሻው የሽምብራ ፍሬ የምታህል ይበቃል። እኔ ጨውም ቅመምም የሌለው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ እቆራርጣለሁ። ከዕለት ምግቡ ላይ ቀንሱለት፤ አለዚያ ይወፍራል።

«ቦታህ»፦ ከሁሉም የሚበልጠው ትምህርት

አንድ ነገር ብቻ አስተምሩ ብባል ይህን ነው የማስተምረው። ለዚህ ውሻ መሮጥ ማንም ሳያስተምረው ይመጣል። አለመሮጥ ነው ትምህርት የሚፈልገው።

ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ያስፈልጋችኋል። የቡሬ ምንጣፍ ከመንዝ የመጣ ያረጀ ባና ቁራጭ ነው። ሻካራ ነው፣ ይሸታል፣ በጣም ይወደዋል። የትም ስንሄድ ጠቅልዬ እይዘዋለሁ።

1. ምንጣፉን ዘርጉ። ምንም አትበሉ። ውሻው ሲረግጠው «ጎበዝ» በሉና ጉርሻውን እዚያው ምንጣፉ ላይ አስቀምጡ። በእጃችሁ አትስጡት። ሽልማቱ ከምንጣፉ የሚመጣ መምሰል አለበት። ይህን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት አምስት ደቂቃ፣ ለሦስት ቀን።

2. ራሱ እየሄደ መቆም ሲጀምር ዝም በሉ፣ ጠብቁ። ቆይቶ ይተኛል። ሲተኛ ሦስት አራት ጉርሻ በተከታታይ ፊቱ አስቀምጡ። አሁን «ቦታህ» የሚለውን ቃል ማከል ትችላላችሁ፤ ወደ ምንጣፉ ሲያመራ ተናገሩት።

3. ጊዜውን አርዝሙ። በ5 ሴኮንድ አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ በ10፣ ከዚያ በ30። ቢነሳ አትቆጡ። ዝም ብላችሁ መልሳችሁ አስተኙትና ጊዜውን አሳጥሩለት። ደጋግሞ ከተነሳ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ቸኩላችኋል።

4. አሁን ከባዱ ይመጣል። ሰውነቱን ተመልከቱ። ቦርደር ኮሊ ተኝቶም ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ፊት እግሮቹ ተዘርግተው፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ፣ ዓይኑ እናንተ ላይ ከተተከለ እያረፈ አይደለም፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሌላ ነው። ዳሌው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ከዚያ አገጩ መሬት ይነካል። ከዚያ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ያወጣል። ያን ትንፋሽ ስትሰሙ ድምፅ ሳታወጡ፣ ቀስ ብላችሁ ጉርሻ አጠገቡ አኑሩ። «ጎበዝ» አትበሉ፤ ቃሉ ራሱ ያነቃዋል። ቡሬ ያቺን ትንፋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ19ኛው ቀን ነው። ቀኑን የማስታውሰው ስለጻፍኩት ነው።

5. ከዚያ ኑሮን አምጡበት። ተነሱ፣ ተቀመጡ። በር ክፈቱ። ቡና ቁሉ። ልጆቹ ቀስ ብለው ይለፉ። አንድ አዲስ ነገር ስታመጡ ጊዜውን መልሳችሁ አሳጥሩ። በመጨረሻ «በቃ» ብላችሁ ልቀቁት። ሳይለቀቅ መነሳት እንደሌለበት የሚያውቀው በዚህ ነው።

እናቴ ለጉብኝት ስትመጣ ይህ ትምህርት ነው ቤታችንን ያዳነው። ውሻ ቤት ውስጥ ማየት አልለመደችም፤ ፀሎቷም አለ። ሳሎኑ ውስጥ ባናውን ጥግ ላይ ዘረጋን፤ ቡሬ እዚያ ይውላል። በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ አለችኝ፦ «ይሄ ውሻ ሰው ሲነሳ ጆሮውን ያቆማል። ምን ይፈልጋል?» «ሥራ ይፈልጋል እማዬ» አልኳት። «ታዲያ አትሰጠውም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከጓሮ ካልሲ ሲወድቅ እንዲያመጣላት ራሷ ትልከው ጀመር።

ሥራው ምን ይሁን?

በመጀመሪያው ዓመት ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ። ብዙ ኃይል አለው ብዬ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ኳስ እወረውርለት ነበር። በሦስት ወር አትሌት ሆነ። ማታ ግን እንቅልፍ የለም። ኳሱን ካላየ ያለቅሳል፤ ካየ ይንቀጠቀጣል። ኳስ መወርወር ማባረርን ብቻ ደጋግሞ መቀስቀስ ነው። ሰውነቱ ይጠነክራል፤ አእምሮው አይረካም። አሁን ኳስ የምወረውረው በቀን ከአስር ጊዜ አይበልጥም። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት «ዝቅ» ብሎ ይጠብቃል።

የሚያረካው የሚያስብበት ሥራ ነው። ቀናችን ይህን ይመስላል። ጠዋት ከሥራ በፊት 40 ደቂቃ በገመድ እንሄዳለን፤ ግማሹን እንደፈለገ እያሸተተ። ማሽተት ሥራ ነው፤ አትጎትቱት። ቁርሱን ሰሃን ላይ አልሰጠውም። ሣሩ ላይ እበትነዋለሁ ወይም ቤት ውስጥ ሦስት ቦታ እደብቀዋለሁ፤ ፈልጎ ይበላል። ቀን ይተኛል። ማታ ደግሞ 20 ደቂቃ ትምህርት፣ ከዚያ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ባና።

ለማታው ትምህርት የዕቃ ስም አስተምሩት። በደቡብ ካሮላይና ቼዘር የምትባል ቦርደር ኮሊ ነበረች። ጆን ፒሊ የተባሉ የሥነ ልቦና መምህር በሦስት ዓመት የ1,022 አሻንጉሊቶች ስም አስተምረዋታል። ጥናታቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። እኛ ሺህ አያስፈልገንም። በአንድ ጀምሩ። አሻንጉሊቱን አሳዩት፣ ስሙን ጥሩ፣ ሲነካው «ጎበዝ»። ሁለተኛውን አምጡ፤ ለየብቻ ሲያውቃቸው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና አንዱን ጥሩ። ቡሬ 31 ዕቃ ያውቃል። ነጭ ካልሲና ጥቁር ካልሲ ለየብቻ ስም አላቸው።

ትራይባል የሚባል ከጀርመን የመጣ ጨዋታም አለ፦ ውሻው ትልልቅ ኳሶችን በአፍንጫው እየገፋ ወደ ጎል ያስገባል። በግ ለሌለው የከተማ ውሻ በጣም ጥሩ ነው። መሰናክል መዝለል ደግሞ አጥንቱ እስኪጠነክር፣ ማለትም ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል እስኪሞላው፣ ይቆይ። ከብስክሌት ጋር ማስሮጥም እንዲሁ።

ሌዘር ግን በፍጹም። ያን ቀይ ነጥብ ግድግዳ ላይ ማሯሯጥ ለሰው ያስቃል። ውሻው ግን የማይያዝ ነገር ነው የሚያሳድደው። ከዚያ ጥላ፣ የሰዓት ነጸብራቅ፣ የመኪና መብራት ሁሉ ማሳደድ ይጀምራል። ይህ ልማድ አንዴ ከያዘው ማስተው እጅግ ይከብዳል። ልጆች ካሏችሁ ሌዘሩን ከቤት አውጡት።

«ና»

አሥር ሜትር የሚሆን ገመድ ግዙ። ከደረት ማሰሪያው ጋር እሰሩት፤ ከአንገቱ ጋር ሲሆን ሮጦ ሲቆም አንገቱን ይጎዳዋል። ሰው በሌለበት ሜዳ ጀምሩ። «ና» በሉ አንዴ ብቻ፤ ወደ ኋላ ሩጡ። የሚሮጥ ነገር መከተል በደሙ ያለ ነው። ሲደርስ ጉርሻ ስጡና መልሳችሁ ልቀቁት። ብዙ ሰው «ና» የሚለው ጨዋታው ሲያልቅ ብቻ ነው። ውሻውም ያውቃል፤ ስለዚህ አይመጣም። ከአስር ጥሪ ዘጠኙ ተመልሶ በመለቀቅ ይጠናቀቅ።

ጠርታችሁት ከመጣ አትቆጡት። ምንም ያድርግ። ና ተብሎ ሄዶ የተገረፈ ልጅ ሁለተኛ አይመጣም፤ ያን ሁላችንም እናውቃለን።

መኪናና ብስክሌት

ይህ የሞት ነገር ስለሆነ አትለፉት። መንገድ ዳር መቼም ያለ ገመድ አትልቀቁት፤ የቱንም ያህል ቢሠለጥን። ትምህርቱ በርቀት ይጀመራል። መኪናው በሚታይበት ግን ውሻው አሁንም ዞር ብሎ እናንተን ማየት በሚችልበት ርቀት ቁሙ። ምናልባት 60 ሜትር፣ ምናልባት 100። መኪናውን ሲያይ፣ ገና ሳያደባ፣ «ጎበዝ» በሉ፣ ጉርሻ። ሌላ መኪና፣ «ጎበዝ»፣ ጉርሻ። ከጥቂት ቀን በኋላ መኪና ሲያይ ራሱ ወደ እናንተ ይዞራል። ያኔ ሁለት እርምጃ ቅረቡ። አንገቱን ዝቅ ካደረገና ካፈጠጠ ግን ተጠግታችኋል፤ ጉርሻም አይቀበልም። ገመዱን አትጎትቱ፤ አብራችሁት ዞራችሁ ራቁ። እኔ ከአንድ ጸጥ ያለ መንገድ ዳር ለመድረስ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ልጆች

የልጄ ሰባተኛ ዓመት ልደት ላይ ዘጠኝ ልጆች ጓሮ ውስጥ ይሯሯጣሉ። ቡሬ በዙሪያቸው መዞር ጀመረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዘጠኙም አጥሩ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል። አንዱ ሊወጣ ሲል ቡሬ ፊቱ ይደቀናል። ሰዉ ይስቃል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል። እኔ ግን የውሻውን አፍ አየሁ። ምላሱ ተጎልጉሏል፤ ውሃው አጠገቡ ነው፣ አልጠጣም። ጥሎ መሄድ አልቻለም። አንዲት ልጅ አጥሩን ተከትላ ስታመልጥ የሱሪዋን ጫፍ ያዘ። ያኔ ወስጄ ክፍል አስገባሁት።

ትምህርቱ ለሁለቱም ወገን ነው። ልጆቹ ውሻው ባለበት አይሩጡ፤ ሲዞራቸው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጃቸውን ያጣምሩ። የማይንቀሳቀስ በግ አይነዳም። ውሻው ደግሞ ልጆች ሲጫወቱ ምንጣፉ ላይ ይሁን፤ ወይም በር የተዘጋበት ክፍል ውስጥ የሚያኝከው ነገር ይዞ ይቆይ። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ብቻቸውን ጥላችኋቸው አትሂዱ።

ከእኛ ወጥ ቤት

ፍርፋሪ ለውሻ መስጠት አገራችን ያለ ልማድ ነው፤ በደግነት ነው የምናደርገው። ግን ወጣችን የሚጀምረው በሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ። ቢበስልም ያው ነው። ስለዚህ ሽሮም ቢሆን፣ የወጥ መረቅ የነካው እንጀራም ቢሆን አይሰጠው። የዶሮ ወጥ አጥንት ደግሞ የበሰለ ስለሆነ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን ይጎዳል። ቸኮሌትና ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ መርዝ ናቸው። የበዓል ዋዜማ የሚቦካ የድፎ ሊጥም ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ ጥሬ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል። እንግዳ ሲመጣ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ። እንግዳ ማጉረስ ይወዳል፤ ስለዚህ የውሻውን ጉርሻ በትንሽ ሰሃን አቅርቡለት፣ ከዚያ ያጉርሰው።

ስለ ጤናው ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ይህ ውሻ ሲሞቀው አይናገርም፤ እስኪወድቅ ይሠራል። በሞቃት ቀን ከአሥር ደቂቃ ከባድ ሩጫ በኋላ ቢንገዳገድ፣ የኋላ እግሩ ቢከዳው፣ ግራ የገባው ቢመስል ወዲያው አቁሙት፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን በውሃ አርጥቡ፣ ሐኪም ጋ ደውሉ። ክረምት ላይ ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፉን ይበላዋል፤ ስትመለሱ በለብ ያለ ውሃ እጠቡት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ቦርደር ኮሊ እምብዛም አታገኙም። ግን በየግቢው የሚታየው ጀርመን ሸፐርድ እሱም የእረኛ ውሻ ነው፤ ዘሩ ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲመዘገብ ሥራው በግ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውለው ይህ ውሻ የሚናደደው በተፈጥሮው አይደለም። በቀን ግማሽ ሰዓት መንገድ አውጡት፣ ምግቡን ደብቁለት፣ «ቦታህ» አስተምሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ አስከትቡ።

በግ ጋ ስትወስዱት

በመጨረሻ፣ ከቻላችሁ፣ አንዴ በግ ያሳዩት። በራሳችሁ ውሳኔ የሌላ ሰው መንጋ ውስጥ አትልቀቁት፤ በጉ ይሞታል፣ ውሻውም ይረገጣል። የእረኛ ውሻ የሚያሠለጥን ባለሙያ ፈልጉ፤ በክብ በረት ውስጥ ሦስት አራት የለመዱ በጎች አዘጋጅቶ ይፈትነዋል። «ዝቅ» እና «ና» ካልያዘ ግን አይሂድ።

እዚያ ቃሎቹ የድሮ ናቸው። «ካም ባይ» ሲባል በጎቹን በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። «አዌይ» ሲባል በተቃራኒው። «ዳትል ዱ» ሲባል ትቶ ይመጣል፤ የእኛ «በቃ» መሆኑ ነው። መጀመሪያ ቀን ይህን ሁሉ አታስቡ። ቁማችሁ እዩት። ቡሬ በረቱ ሲከፈት እንደ ቀስት ተወርውሮ ገባና፣ ሦስት እርምጃ ሲቀረው፣ ማንም ሳያዘው ዝቅ አለ። ዓይኑን ተከለ። ከጎኔ የቆመው አሠልጣኝ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።

አሁን በወር አንዴ እንሄዳለን። አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ያዘዋል። እኔ ግን አንዷን በግ ከመንጋው ወጥታ ስትሄድ ሳይ አፌ ላይ የሚመጣው የልጅነቴ ቃል ነው። «መልስ!» እለዋለሁ። ዞሮ ይመልሳታል።

ስትጨርሱ ውሃ ስጡት፣ ግን በትንሽ በትንሹ። ጆሮው ሥርና ጣቶቹ መሃል መዥገርና እሾህ ፈልጉ። ከዚያ ምንጣፉን መኪናው ውስጥ አንጥፉለት።